ካቺሲ ድረስ የሚሰማ ኦቦ

ሰው ሁሉ ከፍ ማለት ይወዳል ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልወድም። እኔ ጥግ ይዤ፣ ዝቅ ብዬ፣ ማንም ልብ ሳይለኝ መኖር ከሚወዱት ወገን ነኝ። ከፍ በል የተባልኩት በትእዛዝ ነው፤ ያውም በአፌ በኩል። ዛሬም ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ አንድ ሰው «እስቲ ትንሽ ከፍ አድርገህ ተናገር» ሲለኝ ጉንጬን ያመኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል፣ መቀመጥ ያምረኛል። ተቀምጬ ከሆነ ደግሞ መተኛት ያምረኛል። የሚያውቁኝ ሰዎች ስንፍና ይመስላቸዋል። ስንፍና አይደለም፤ የኦቦ ጣጣ ነው።

ኦቦ ምን እንደሆነ የማታውቁ አትፈሩ። እኔም ስጀምር አላውቅም ነበር፤ የሚያስተምረኝም ሰው በደንብ አያውቅም ነበር። ክላርኔት አይታችሁ ከሆነ ይመስለዋል፤ ጥቁር እንጨት ሆኖ ብረታ ብረት የተለጠፈበት የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ልዩነቱ አፉ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ቀጫጭን የሸምበቆ ስንጥሮች ተጣብቀውና ታስረው ይሰካሉ፤ እኛ ምላስ እንለው ነበር። ነፊው ያንን ምላስ በከንፈሩ ይጨብጥና የሆዱን አየር በሙሉ ጤፍ በማታሾልክ ቀዳዳ ካላስገባሁ ብሎ ይታገላል። ይህን የፈለሰፈው ሰው ጎረቤት አልነበረውም ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ የሆነው አምቦ ነው፣ በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ሀገረ ሕይወት እየተባለች በምትጻፍበት ጊዜ። ደርግ ሊወድቅ ዓመት እንኳ አልቀረውም ነበር፤ ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ የለም፣ ደርግም ጭምር። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምቱን ቤት ነበርኩ። ጥፋቴ ረጅም መሆኔ ብቻ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለምሉት ሰዎች ዕድሜ የሚጠይቁት አጭር ሰው ሲያዩ ነው፤ ረጅም ሲያዩ «ና» ይላሉ። ታላቅ ወንድሜ ግርማ በዚሁ በቁመቱ ጦስ ካቻምና ሄዷል። መጀመሪያ ላይ ከሰሜን ቆስሎ በተመለሰ ሰው አፍ «ደህና ነኝ በሏት» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጭጭ። እናቴ ሰው «ግርማስ?» ብሎ ሲጠይቃት «ደህና ነው» ትልና ወዲያው ሥራ ትፈልጋለች፤ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። አባታችን በሕይወት የለም። ከሁለት ልጆቿ አንዱ ሰሜን ነው፣ ሌላው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በየወሩ እረዝማለሁ።

ታዲያ በዚያ ክረምት አንድ ወሬ መጣ። በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ያለ ሰው አይነካም ተባለ። የአውራጃው ካድሬ ራሱ በስብሰባ ላይ «ኪነትም ግንባር ነው» ብሎ ተናገረ። በማግስቱ አምቦ ውስጥ ረጅም ሆኖ ጥበብን የማይወድ ወጣት ጠፋ። ሲናገሩ እንኳ በር የሚያስዘጉ ልጆች ዘፋኝ ነን ብለው ተሰለፉ። ከብት ሲነዳ ብቻ የማውቀው የክፍል ጓደኛዬ ተወዛዋዥ ነኝ አለ፤ ትከሻው አልንቀሳቀስም ሲለው በጭንቅላቱ ጨፈረና አለፈ። ጭንቅ ያላስተማረውን ማን ያስተምረዋል።

ለቡድኑ የሚሆን የሙዚቃ መሣሪያ ከወዳጅ ሶሻሊስት ሀገር በትልቅ የእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጥቶ ነበር። ሣጥኑ በተከፈተበት ቀን ግን እናቴ ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ አቁማኛለች። ስኳሩን ይዤ፣ ጭቃ ለብሼ፣ እያለከለክሁ ስደርስ ትራምፔቱም፣ ሳክስፎኑም፣ አኮርዲዮኑም ባለቤት አግኝተዋል። የቀረው ቆዳው የተቀደደ ትልቅ ከበሮና አንዲት ትንሽ ጥቁር ሣጥን ነበረች።

አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃ ቶሎሳ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጥርሳቸው ግማሹ ወርቅ የሆነ ሰው ናቸው። ሣጥኗን ከፈቱና ተከዙ።

«ከበሮው ይሰፋል» አሉ። «ይሄኛውን ግን እንጃ። እኛ ክፍል አንድ ሰው ይነፋው ነበር። ፊቱ ሁልጊዜ ቀይ ነው።»

«አሁን የት አለ?» አልኩ።

«ቶሎ ነው የሞተው።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሣጥኗን በብብቴ ስኳሩን በእጄ ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ስኳሩን ተቀብላ «ይሄስ ምንድን ነው?» አለች።

«ኦቦ ነው።»

«ኦቦ ማን?» አለች፣ ሰው አስከትዬ የመጣሁ መስሏት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ እያየች። አምቦ ውስጥ፣ በኦሮምኛ አቶ ለማለት፣ ኦቦ ከተባለ ቀጥሎ የተከበረ ሰው ስም ይመጣል እንጂ ቱቦ አይመጣም። አስረዳኋት። አገላብጣ አየችውና «ያድንሃል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ያድነኛል አልኳት። ሣጥኑን ወስዳ ግርማ ይተኛበት የነበረው አልጋ ላይ፣ ትራሱ ጋ አስቀመጠችው።

ካድሬው ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ራሱ የደረሰው መዝሙር ነበረው። መዝሙሩ ረጅም ነው፤ ስለ ማዳበሪያም ያነሳል። መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ሰው ጸጥ ይልና ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል አንድ መሣሪያ ብቻውን፣ በጣም ከፍ ያለች አንዲት ድምፅ ይዞ፣ ሰንደቁ ጫፍ እስኪደርስ ድረስ ሳያቋርጥ መቆየት አለበት። ይህ የሰፊው ሕዝብ ወደ ላይ መውጣት ነው። ትራምፔት ነፊው እጁን ሲያወጣ ካድሬው «ትራምፔት ይጮሃል እንጂ አይወጣም» አለ። ዞር ዞር ብሎ አየና ቁመቴን ይሁን ሣጥኔን እንጃ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እሱ ይንፋው።»

ሃምሳ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓድ፣ ባይወጣለትስ?»

«ይሄኛው ግንባር ካልሆነለት ሌላኛው ግንባር ሰው ይፈልጋል» አለ ካድሬው፣ ሳይቆጣ። ያለ ቁጣ የተነገረ ነገር እንዴት እንደሚያስፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ የኦቦ ድምፅ ሦስት ሰፈር አለው በሉ። ታችኛው ሰፈር በቀላሉ ይወጣል፤ ከእናቱ የተለየ ጥጃ ይመስላል። መካከለኛው ትንሽ ልምምድ ይፈልጋል፤ ዘይት ያጣ በር ይመስላል። ላይኛው ሰፈር ማንንም አያስገባም። ከንፈርህን ታጠብቃለህ፣ ሆድህን ታስራለህ፣ ጣቶችህን ከሣጥኑ ጋር የመጣው ሥዕል ላይ እንዳለው ታስቀምጣለህ፣ ትነፋለህ፤ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ደግመህ ትነፋለህ፤ ምራቅ ይወጣል። በሦስተኛው አንድ የሆነ ነገር ሲጢጥ ይልና የመንደሩ ውሾች በሙሉ ይነሳሉ። ሃምሳ አለቃ ከጎኔ ቆመው በትራምፔት ነፊ ልብ ያበረታቱኛል። ሲጨንቃቸው አማርኛው ይጠፋባቸዋል።

«አፉፊ! ንፋ! ኦል! ኦል!» ይላሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ እያነሱ። «ማሎ፣ እባክህ ወደ ላይ እንጂ! አንተ እኮ ወደ ጎን ነው የምትነፋው!»

ወደ ጎን እንዴት እንደሚነፋ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤታችን ከጋሽ ከድር ሱቅ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራል። ጋሽ ከድር ከደቡብ መጥቶ አምቦ የከረመ ነጋዴ ነው፤ ጨውና ሳሙና፣ ኩራዝና ጨርቅ ይሸጣል፤ ኦሮምኛው ከእኔ ይሻላል። አንድ ጠዋት አጥራችን በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ በለጡ» አለ ለእናቴ፣ «ወላሂ ሆድ ብሶኝ ነው። ይሄ የልጅሽ ነገር ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ካቺሲ ድረስ ይሰማል። ትናንት የካቺሲ ደንበኞቼ ጨው ሊጭኑ መጥተው ዕቃውን ጥለው ‹ከድር፣ ማን ሞተባችሁ?› አሉኝ። ማንም አልሞተም ብላቸው አላመኑኝም። ጨውም ሳይገዙ አጽናንተውኝ ሄዱ።»

እናቴ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ እኔ ግን ሰማሁ። «ከድር፣ ያቺ ከፍ ያለችው ድምፅ ካልወጣችለት ይወስዱብኛል። እንደ ግርማ።»

ጋሽ ከድር ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እኔም አፍሬ ኦቦውን አስቀመጥኩ። ትንሽ እንደቆየሁ ግድግዳው ተደበደበ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ጋሽ ከድር ከወዲያ ማዶ። «ንፋ እንጂ አንተ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር ተረሳ። በፊት ስነፋ የሚቆጣ ሰፈር አሁን ሳልነፋ ይቆጣ ጀመር። ውሃ ልጠጣ ስቆም ግድግዳው ይደበደባል። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ «ወዴት ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ምክርና ምግብ ደግሞ ከየቤቱ ይጎርፋል። ለትንፋሽ በሶ በማር ነው አሉ፤ በሶ በማር በጠበጡልኝ። ለጉሮሮ ተልባ ነው አሉ፤ ተልባ መጣ። የጋሽ ከድር ባለቤት ጥሬ እንቁላል ነው ብላ አምጥታ እግሯን አንፈራጣ ፊቴ ቆመች፤ እስክውጠው አትሄድም። ዝንጅብል የላከም አለ። በመጨረሻ ሆዴ በእህልና በጥራጥሬ ተሞልቶ ለትንፋሽ የሚሆን ክፍት ቦታ ታጣ። ጎንበስ ስል ተልባው ይንቦጫረቃል። ድምፁ ግን የለም። እናቴ ደጅ ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየላጠች ታዳምጠኛለች፤ እንባዋ የሽንኩርት ይሁን የኔ ለይቼ አላውቅም ነበር።

ሃምሳ አለቃ አሰቡ አሰቡና ችግሩ ሳንባ ነው አሉ። ሳንባ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሰፋል አሉ። ወደ ፍል ውሃው መዋኛ ወሰዱኝ። ክረምት ስለሆነ ሰው የለበትም፤ ከውሃው ላይ እንፋሎት ይነሳል፣ ከላይ ዝናብ ያካፋል። ግባና ትንፋሽህን ይዘህ ታች ተቀመጥ፣ እኔ እስክጠራህ አትውጣ አሉኝ። ገባሁ። ውሃው ሙቅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ክረምት ማንም ንፋ ያላለኝ ብቸኛ ቦታ እዚያ ታች ነበር። ደስ አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆየሁ መሰለኝ፣ የመዋኛው ዘበኛ በፀጉሬ ጎትቶ አወጣኝ፣ ሲሚንቶው ላይ አንጋለለኝና በሁለት እጁ ደረቴ ላይ ወጣ። እኔም ጮህኩ። ምን ዓይነት ጩኸት መሰላችሁ! ቀጭን፣ ረጅም፣ እስከ ኮረብታው ድረስ የሄደ።

ሃምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሱ ነው!» አሉ። «ድምፁ እሱ ነው! ድገመው!»

ዘበኛው ለእሱ የተነገረ መስሎት ደገመው።

ሦስት ቀን ጎኔን ታስሬ ተኛሁ። ያኔ ነው የምላሱ ጣጣ የመጣው። ከኦቦው ጋር ሦስት ምላሶች ብቻ ነበሩ የተላኩት፤ ሌላ ከየትም አይገኝም። የመጀመሪያውን «ኦል!» ሲሉኝ በጥርሴ ለሁለት ከፍየዋለሁ። ሸምበቆው ከመነፋቱ በፊት ውሃ ውስጥ መነከር ስላለበት ሁለተኛውን ብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፌው ነበር። በዚያ መሐል አንድ ሰው አጥር ላይ ቆሞ እናቴን «ግርማስ?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ «ደህና ነው» አለችና ገብታ ብርጭቆውን አጠበች። ውሃውንም፣ ምላሱንም ደጅ ደፋችው። ምን እንዳደረገች ስትረዳ ከጎርፉ ሥር ሥር እየሮጠች ፈለገችው። ወንዝ ገብቷል።

ያን ቀን ማታ አላለቀሰችም። አንድ የቀረውን ምላስ በመዳፏ ይዛ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ለጋሽ ከድር ጮሃ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ አስመጣች።

እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ሊስቅ ይችላል። የአምቦ ልጅ ግን አይስቅም። ሆዱን የነፋው አምቦ ውሃ ይጠጣል። የትናንት ጠጅ ራሱን የያዘው አምቦ ውሃ ይጠጣል። ሐኪም ቤት ሄዶ የመጣ ሰው እንኳ መድኃኒቱን የሚውጠው በአምቦ ውሃ ነው፤ ባይሆን መድኃኒቱ አይሠራም ብሎ ያምናል። ከመሬታችን ሥር የሚፈላው ውሃ የማያድነው ነገር አለ ብላችሁ አምቦ ውስጥ ብትናገሩ ጠብ ነው።

«የሰው ሆድ የሚያሽር ይህቺን ቁራጭ ሸምበቆ አያሽርም?» አለች እናቴ። ጠርሙሱን ከፈተች፤ ፍስስ አለ። ምላሱን ብርጭቆ ውስጥ ከተተችና ቀዳችበት። አረፋው ዙሪያውን ተለጥፎ አናቱ ላይ አወጣው፤ መልሳ ደፈቀችው። ጎኔ እስኪሻለኝ ድረስ ጠዋት ታወጣዋለች፣ ምድጃው አጠገብ ታደርቀዋለች፣ ማታ አዲስ ጠርሙስ ትከፍትለታለች። እኔ እንኳ እንደዚያ አልተጠመቅሁም።

ተነስቼ ባየው ምላሱ ነጭ ሆኗል። ጨው ጋግሮበት እንደ ደረቀ ጥፍር ጠጥሯል፤ ቀዳዳው ይባስ ጠቧል። በቃ፣ ሞተ አልኩ በልቤ፣ እኔም ሞትኩ። እሷን ላለማሳዘን ብቻ ኦቦው ላይ ሰክቼ፣ ጣቴን እንደ ሥዕሉ አስቀምጬ፣ ያለ ተስፋ ነፋሁ።

ወጣ!

ያ ድምፅ ከእኔ ይውጣ ከሌላ ሰው ለማወቅ ዞር ብዬ አየሁ። ቀጭን ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ስቆም ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ የጋሽ ከድር ባለቤት እልል አለች፤ ጋሽ ከድር ደግሞ «ያ ረቢ!» እያለ ሚዛኑን ጥሎ ሮጦ መጣ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ መሬት ቁጭ አለች።

ነገር ግን መልካም ነገር ሙሉ ሆኖ የመጣበት ቀን የለም። ያ ምላስ ከፍ ያለችውን ድምፅ ካወጣ በኋላ ሌላውን አላወጣም አለ። ታችኛውም መካከለኛውም ሰፈር ጭጭ። ለሃምሳ አለቃ በድንጋጤ ስነግራቸው የወርቅ ጥርሳቸው ታየ።

«ልጄ፣ የምትፈለገው ለአንዲቷ ድምፅ ነው። ሌላውን አስመስል። ጡረታ እስኪወጣ እንደዚያ ያደረገ ሰው አውቃለሁ።»

መስከረም ሁለት ደረሰ። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ሕዝቡ በየቀበሌው ተሰልፏል፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የጦር መኮንኖች ከካድሬው ጋር ዳሱ ሥር ተቀምጠዋል። እናቴና ጋሽ ከድር ከፊት ናቸው። መዝሙሩ ተጀመረ። እኔ ጣቴን እያንቀሳቀስኩ፣ ጉንጬን እየነፋሁ አስመስላለሁ። የማዳበሪያው አንጓ አለፈ። ሁሉም ጸጥ አለ። ሃምሳ አለቃ ከጎን ሆነው በሹክሹክታ «ኦል» አሉኝ።

ነፋሁ። ወጣ። ሰንደቁም መውጣት ጀመረ። እስከ ግማሽ ድረስ እኔና ሰንደቁ አብረን ሄድን፤ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ግማሽ ላይ ሲደርስ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ያበጠው ገመድ መዘውሩ ላይ ተነከሰና ቆመ። ሰቃዩ ሚሊሺያ ጎተተ። አልሄድ አለ። ካድሬው እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣ እንዳታቋርጥ ማለቱ ነው፤ እጁም እንደተዘረጋ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም የያዝኳትን ድምፅ አልለቅም አልኩ።

ትንፋሽ ያጥረኛል ብዬ ነበር የምፈራው። የኦቦ ጉድ ግን ሌላ ነው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አየሩ አይወጣም፤ ሆድህ ውስጥ እንደተከተተ ይሻግታል። አዲስ እንዳታስገባ አሮጌው አልወጣም፤ አሮጌውን እንዳታስወጣ ድምፁ ይቋረጣል። ሚሊሺያው ገመዱን ይነቀንቃል። እኔ ሰማዩ ሲጠቁር አያለሁ። እናቴ ከንፈሯን በጥርሷ ይዛ አብራኝ ትንፋሽዋን አግታለች። ጋሽ ከድር እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሰንደቁን በዓይኑ ይገፋል። በመጨረሻ ገመዱ ሲጥጥ ብሎ ተለቀቀ፤ ሰንደቁ ጫፍ ሲነካ አይቻለሁ፣ እምላለሁ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ኋላዬ ወደቅሁ፤ የወደቅሁትም ሃምሳ አለቃ ክረምቱን ሙሉ በሰፉት ትልቅ ከበሮ ላይ ነው። ሕዝቡ የመዝሙሩ ማሳረጊያ መስሎት አጨበጨበ።

ስነቃ ከመኮንኖቹ አንዱ፣ ሐኪም ኖሯል፣ ጆሮውን ደረቴ ላይ አድርጓል። ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«በአንዲት ድምፅ የወደቀ ልጅ ዳገት ላይ ምን ሊሆን ነው? ይሄ ለውትድርና አይሆንም።»

«ለኪነትም አይሆንም» አለ ካድሬው፣ የተቀደደውን ከበሮ እያየ።

በአንድ ቀን ከሁለት ግንባር የተባረረ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። እናቴ ጭቃውን ሰንጥቃ ደርሳ የሐኪሙን እጅ ያዘች። «እባክዎ ጌታዬ፣ ያሉትን ይድገሙልኝ፤ ሰው ሁሉ ይስማ» አለች። ሐኪሙ ደገመላት። ለሦስተኛ ጊዜም ለጋሽ ከድር ስትል አስደገመችው።

ሃምሳ አለቃ ኦቦውን እንዳልመልስ ከለከሉኝ። «የመንግሥት ንብረት ነው፤ አንተ ጋ በአደራ ይቀመጥ። ሌላ ሰው አይጎዳ» አሉ። ቤት ገብቼ ተኛሁ። ሁለተኛ እንደማልነፋ ለራሴ ቃል ገባሁ፣ ጉንጬም መሰከረ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጀንበር ስትጠልቅ እናቴ በር ላይ ቆማ «እስቲ ያቺን ንፋት» አለችኝ።

«ለምን? ተባረርኩ እኮ።»

«ከድር ካቺሲ ድረስ ይሰማል ብሎ የለ?»

«እማ፣ ቀልዱን ነው እኮ።»

«ከካቺሲ ወረድ ሲሉ አባይ ነው። ከአባይ ማዶ ሰሜን አይደለም?» አለችና ዞር ብላ የታጠበ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

ምን እላለሁ? ምላሱን ነክሬ ነፋሁ። በማግስቱም ነፋሁ። በጋውን ሙሉ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አንዲቷን ድምፅ ወደ ሰሜን ዞሬ እነፋለሁ። የረሳሁ ቀን ጋሽ ከድር ግድግዳውን ይደበድባል፤ አምቦ ውሃውንም ያለ ሂሳብ የሚልከው እሱ ነው። እኔ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። እሷም ታውቅ ነበር ይመስለኛል። ቢሆንም እየነፋሁ ሳለ ብርጭቆ አታጥብም ነበር፤ እጇን አጣምራ ትቆማለች። በጣም ደክሞኝ ነበር እላችኋለሁ።

ግንቦት ላይ ደርግ ወደቀ። ሰኔ ገብቶ በአንድ የገበያ ቀን፣ ጋሽ ከድር ሱቁን ዘግቶ ለንግድ ጉደር በወረደበት ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የከሳ ረጅም ሰው አጥራችን በር ላይ ቆመ። እናቴ እህል እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠችና ስሙን እንኳ ሳትጠራ ሄዳ አንገቱን ያዘች። እግሩ እስኪያብጥ ተጉዞ የመጣው ግርማ ነው። በላ፤ ታጠበ። አልጋው ላይ ያለችውን ጥቁር ሣጥን ገፋ አድርጎ ጋደም ሲል ማንም የሌለበትን ጊዜ ጠብቄ ጠየቅሁት።

«ግርማ፣ እዚያ እያለህ፣ ማታ ማታ ምንም ነገር አልሰማህም?»

«የምን?»

«የኦቦ።»

«ኦቦ ማን?» አለኝና ሳልመልስለት እንቅልፍ ወሰደው።

ጀንበር አዘቀዘቀች። እኔም በልማድ ሣጥኑን ከጎኑ ቀስ ብዬ አነሳሁ፣ ምላሱን ከብርጭቆው አወጣሁ። እናቴ አየችኝ። በዚያ መሐል ከገበያ የተመለሰው ጋሽ ከድር፣ የሆነውን ሳይሰማ፣ ግድግዳውን እንደ ልማዱ ደበደበ።

«ምነው ዛሬ ዝም አላችሁ? ንፋ እንጂ አንተ!»

እናቴ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«ቀስ በል ከድር» አለች። «ግርማ ተኝቷል።»

ከማዶ «አልሐምዱሊላህ» አለ ጋሽ ከድር፣ ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅሰው ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ። እኔም ኦቦውን ሣጥኑ ውስጥ መልሼ ዘጋሁትና ከወንድሜ ጎን ጋደም አልኩ። ደክሞኝ ነበር።